የቅርብ ተጠሪ ያልነበራቸው ልብስ ሰፊ የጠፋ ቀጠሮ

የምስክር ቃል መቀበያ

ምስክር፦ ሙሉ ስሙ በታሸገው ገጽ የተያዘ፤ በሥራ ቦታው «ምሩቁ» ተብሎ የሚጠራ
ዕድሜ፦ ሃያ ሦስት
ሥራ፦ ጀማሪ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ
አድራሻ፦ ከአሮጌው ማተሚያ ቤት ጀርባ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ ከታላቅ እህቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ምርመራ ክፍል፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ታካሚ የነበሩ አንድ ልብስ ሰፊ ሕይወታቸው ስላለፈበት ሁኔታ
ተጠርጣሪ፦ የማዕከሉ መዝጋቢ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ወደዚህ ቢሮ የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በገዛ ፈቃዴ ነው። ባለፈው ሳምንትም መጥቼ አንድ ጊዜ መርማሪው ለሥራ ወጥተዋል ተብዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ተመልሻለሁ። የማውቀውን ብቻ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገር እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ከተጠርጣሪዋም ሆነ ከሟች ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም።

የምሠራው ድረ ገጽ በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሲሆን ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ድርጅቱ ከሚከታተላቸው ሥራዎች አንዱ የኩላሊት እጥበት ማዕከሉ ታካሚዎቹን የሚመዘግብበትና ቀጠሮ የሚይዝበት ገጽ ነው። ገጹን መጀመሪያ የጻፈው ሰው እኔ ሳልቀጠር ሥራ ለቆ ሄዷል፤ መልኩንም አላውቀው። የቅርብ አለቃዬ ሁላችንም «አንጋፋው» የምንለው ፕሮግራመር ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ።

ወደ ማዕከሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ከሁለት ወር በፊት ነው። ገጹን ወደ አዲስ ቨርዥን ልናሳድገው ስለነበር፣ መልኩ ትንሽ ሲቀየር ግር እንዳይላት መዝጋቢዋን እንዳሳያት ተልኬ ነው። ማዕከሉ ምድር ቤት ላይ ነው። ሲገቡ የብረት ወንበሮች የተደረደሩበት አዳራሽ አለ፤ በስተግራ መሃሉ ክብ ቀዳዳ ያለው መስታወት ሲኖር መዝጋቢዋ ከጀርባው ትቀመጣለች። በስተቀኝ የማሽኖቹ ክፍል በር ነው፤ እዚያ የምትቆመው ነርስ የዕለቱን ስም ዝርዝር ከራሷ ስክሪን እያየች ታስገባለች። ታካሚዎቹ መዝጋቢዋን በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም፤ ሁሉም «እታለም» ነው የሚሏት።

ሟችን ያየኋቸው በዚያው ቀን ነው። የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው አዛውንት ሲሆኑ «አባባ መርፌ» ይባላሉ። በመስታወቱ ፊት ሲያልፉ መዝጋቢዋ ከወንበሯ ተነሥታ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ፣ «አባባ መርፌ! ሱሪዬን ለጎርፍ ነው እንዴ ያሳጠሩልኝ? ቁርጭምጭሚቴን ብርድ መታው እኮ!» አለቻቸው። እሳቸውም ቆም ብለው፣ «እኔ የለካሁት እግርሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ካደገ ሐኪም ጠይቂ፤ ሐኪም ቤት ነው ያለሽው» ብለው መለሱላት። ሰው መሳቅ ጀመረ። እሷም ጣቷን እየነቀነቀች፣ «ቆይ ብቻ! ስምዎን ከዚህ ማሽን ካላጠፋሁት! ወረፋዎን ሰርዤ ደጅ ካላስቀረሁዎት እታለም አይደለሁም!» አለች። አባባ መርፌ፣ «አጥፊው እንጂ! ሱቅ መርፌ፣ እዚህ መርፌ፤ ከአንዱ ገላገልሽኝ ማለት ነው» ሲሉ የባሏን ቦርሳ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ይህችው ሴት በኋላ እዚህ ቀርባ መዝጋቢዋ በሟች ላይ ስትዝት ሰምቻለሁ ብላ ቃል መስጠቷን ሰምቻለሁ። የሰማችው እውነት ነው፤ ቃል በቃል እንዲያ ተብሏል። እኔም ሰምቻለሁ። ነገር ግን እንደሳቀች ተናግራ እንደሆነ መርማሪውን ጠይቄ፣ የሌላ ምስክር ቃል እንደማይነገረኝ ተገልጾልኛል።

መዝጋቢዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «አይዞህ አትደንግጥ፤ እኛ እንዲህ ካልተባባልን ቀኑ አይመሽልንም» አለችኝ። ቀጥላ የአባባ መርፌን ገጽ ከፍታ እያሳየችኝ ሳለ «የቅርብ ተጠሪ» የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን አየሁ። የቅርብ ተጠሪ ማለት ታካሚው አንድ ነገር ቢሆን ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ማንም የላቸውም። ስጠይቃቸው መርፌና ክር ብለሽ ጻፊ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ውሸት አልጽፍም» አለችኝ። ይህን ባዶ ቦታ በዓይኔ አይቼ ምንም ሳላስብበት አልፌዋለሁ።

ስለ ማሳደጉ ሥራ ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው በሚገባ ቋንቋ እንዳስረዳ መርማሪው ጠይቀውኛል። በሥዕል ላሳይዎት ብዬ ወረቀት ብለምንም የምስክር ቃል በሥዕል እንደማይሰጥ ስለተነገረኝ በቃል አስረዳለሁ። ድረ ገጽ ከባዶ አይጻፍም፤ ፍሬምወርክ በሚባል፣ ሌሎች ሰዎች አዘጋጅተው ባስቀመጡት አጽም ላይ ይሠራል። ቤት የሚሠራ ሰው በርና መስኮቱን ተገጥሞ እንደሚያገኘው ማለት ነው። ይህ አጽም ብዙ ነገር አስቀድሞ ወስኖ ይመጣል፤ አንተ ካልነካኸው በቀር እንዲህ ይሆናል የሚለውን ውሳኔ እኛ ዲፎልት እንለዋለን። በሩ ካልቆለፍከው ክፍት ያድራል ማለት አንድ ዲፎልት ነው። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ሠሪዎቹ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ፤ ከእንግዲህ በሩ ራሱ ይቆለፍ ይላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ቁልፍ ሳይይዝ መውጣት የለመደ ቤተሰብ ደጅ ያድራል። ስለዚህ ስታሳድገው አጽሙ አዲሶቹን ዲፎልቶች በሙሉ አጥፍቶ በአንድ ፋይል ይሰጥሃል። አንዱን ታበራለህ፣ ጥቂት ቀን ሰዉ ሲሠራበት ታያለህ፣ ችግር ከሌለ ቀጣዩን ታበራለህ። ሁሉም ሲበራ ፋይሉን ትሰርዘዋለህ፤ ያኔ ገጹ ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ሥርዓት ገባ ይባላል።

የመጀመሪያዎቹን እንደተባለው አንድ በአንድ እያበራሁ ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። ምንም ባልሆነ ቁጥር ትዕግሥቴ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያን ፋይል ጠዋት በከፈትኩት ቁጥር የተጀመረና ያላለቀ ነገር ሆኖ ዓይኔን ይወጋኝ ነበር፤ ለአለቆቼ አንድ ነገር ጨርሼ ማሳየት እፈልግ ነበር። አንጋፋው በዚያ ሰሞን ልጁ ታሞበት ከቤት አይወጣም ነበር። ከሰዓት በኋላ «ጋሼ፣ ቴስቱ ሁሉ አልፏል፤ የቀሩትን አንድ ላይ ላብራቸው?» ብዬ በስልክ ጻፍኩለት፤ «ካለፈ አብራው» ብሎ መለሰልኝ። መልእክቱን ለመርማሪው አሳይቻለሁ። ይህን የምናገረው በእሱ ላይ ለማላከክ አይደለም፤ የልጁን ትኩሳት እየለካ የመለሰው መልስ ነው። ያበራሁት በገዛ እጄ ነው። ፋይሉንም ሰርዤ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ቴስት የምንለው ገጹን በሐሰተኛ ታካሚዎች መሞከር ነው። ታካሚዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ለሁሉም የቅርብ ተጠሪ መሙላት ሲሰለቸኝ አንዲት አክስት ፈጥሬ «እትዬ ሙከራ» ብዬ ሰየምኳት፤ የሁሉም ተጠሪ እሷ ሆነች። ቢሮ ውስጥ መቀለጃችን ነበረች። የድርጅታችን ሥራ አስኪያጇ ሳይቀሩ ሲገቡ «እትዬ ሙከራ ዛሬ ደግሞ ስንት ወለደች?» ይሉኝ ነበር። በእኛ ቴስት ውስጥ ሰው የሌለው ሰው አልነበረም። አስቤበት የተውኩት ሳይሆን ጭራሽ ያልመጣልኝ ነገር ነው። እኔ እናትና አባቴ ሩቅ ናቸው እንጂ አሉ፤ እህቴም ከእኔው ጋር ናት።

በዚያ ቀን ካበራኋቸው ዲፎልቶች አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ መዝገብ በሌላ መዝገብ ላይ የተንጠለጠለ ነው ከተባለ፣ ያ ሌላው የግድ መኖር አለበት፤ ከሌለ አይቀመጥም። ዱሮ ባይኖርም ያልፍ ነበር። የእኛን ገጽ የጻፈው ሰው ቀጠሮን በታካሚውም በተጠሪውም ላይ የተንጠለጠለ ነው ብሎ ስለጻፈው፣ ተጠሪ የሌለው ታካሚ ቀጠሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይቀመጥም ማለት ነው። ያም ሆኖ ባልተቀመጠ ጊዜ ገጹ ቢጮህ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ነገር ግን መዝጋቢዋ «አድስ» የሚለውን ቁልፍ በተጫነች ቁጥር ገጹ ተቀመጠ አልተቀመጠ ብሎ ሳይጠይቅ በአረንጓዴ «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ለዓመታት ሁሉም ሲቀመጥ ስለኖረ ይህን ማንም አላወቀም።

የታካሚዎቹ ቀጠሮ በወሩ መጀመሪያ ይታደሳል። ከሁሉም ታካሚ ተጠሪ ያልነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሦስቱም ቀጠሮ ሳይቀመጥ ወደቀ። ተጠሪ ያለው ሰው ቢወድቅ ኖሮ ወንድም ወይም ሚስት መጥታ መስታወቱን ትደበድብ ነበር። የወደቁት በሙሉ የሚጮህላቸው የሌላቸው ነበሩ። አንዷ ነርሷን እየለመነች ስትገባ ቆየች። አንዱ በር ዘግተውብኛል ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሦስተኛው አባባ መርፌ ናቸው።

አባባ መርፌ በመጀመሪያው ቀጠሯቸው ሰኞ ሲመጡ ነርሷ ስምዎ የለም አለቻቸው፤ ቦታቸውም ባዶ ስለታየ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። መዝጋቢዋ እንደገና አድሳ ረቡዕ ጠዋት ይምጡ አለቻቸው። ይህን እኔ አላየሁም፤ መዝጋቢዋ ስትናገር የሰማሁት ነው። ረቡዕ ግን እኔ እዚያው ነበርኩ። አዲሱ ገጽ እንዴት እንደያዛቸው ጠይቄ እንድመጣ ተልኬ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በመዝጋቢዋ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። አባባ መርፌ በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው፣ «ዛሬም ስሜ የለም አለችኝ» አሉ። ቀልድ አልነበረበትም፤ ፊታቸው አብጧል። መዝጋቢዋ ደንግጣ፣ «እንዴት ይሆናል? ሰኞ ራሴ አስገብቼዎታለሁ» ብላ ወደ ስክሪኗ ዞረች። ጥቂት ቆይታ፣ «ይኸው አባባ፣ አረንጓዴ ነው፤ ገብተዋል። ሄደው ይንገሯት» አለቻቸው። ወዲያው ወደ እኔ፣ «ይሄ ነገር ምን ሆኗል ወንድሜ?» ስትለኝ፣ ነርሷ ገጿን ሳታድስ ቀርታ ይሆናል ብዬ መለስኩላት። ይህን ያልኩት ሳልመረምር ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ስለሚሆን ነው። መዝጋቢዋ ተነሥታ ወደ ነርሷ ሄደች። ከበሩ ላይ ሲጨቃጨቁ ይሰማኝ ነበር። ነርሷ ማሽኑ ሁሉ ተይዟል፣ እኔ የምነካው ነገር የለም፣ የምታስገቢውም የምታስወጪውም አንቺ ነሽ ስትላት ሰምቻለሁ። አዳራሹም ሰምቷል። አባባ መርፌም ቆመው ይሰሙ ነበር። መዝጋቢዋ ነገ ማለዳ ይምጡ፣ ከሁሉ በፊት አስገባዎታለሁ አለቻቸው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ለምሳ ስወጣ አባባ መርፌ አሁንም የብረት ወንበሩ ላይ ነበሩ። በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የማሽኑ ሰው አንተ ነህ አይደል? ስሜ ጠፍቶ እንደሆነ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከነዕድሜያቸው፣ ከነደም ዓይነታቸው ወጣ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ «ይኸው አባባ! ምንም አልጠፋም፤ ማሽኑ ደህና ነው» አልኳቸው። የከፈትኩት የታካሚዎችን መዝገብ ነው። የቀጠሮዎቹን መዝገብ አልከፈትኩም። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ስሜ አለ ወይ ሲሉኝ ስማቸውን ፈለግኩ። መነጽራቸውን አውጥተው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ «እንግዲያ ማሽኑ አይደለማ» አሉ። «አይደለም አባባ» አልኳቸው። አገልግሎት በመስጠቴ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ቦርሳቸውን አንሥተው፣ በመስታወቱ ፊት ሲያልፉ ሳይቆሙ ወጡ። ሐሙስ አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም።

ሞተው የተገኙት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሱቃቸው ግድግዳ የሚጋራው ፀጉር አስተካካይ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲጠፋበት ከሱቁ ጀርባ ያለውን መኖሪያቸውን አንኳኩቶ፣ መልስ ሲያጣ ሰው ጠርቶ አስከፈተ። በኋላ እኔ ሄጄ ሳነጋግረው፣ ለምን ለሕክምና እንደማይሄዱ ጠይቋቸው እንደነበረ ነገረኝ። አባባ መርፌ፣ «ቀልድ መስሎኝ ነበር» አሉት። ቢለምኗቸው ይሻላል ሲላቸው ደግሞ፣ «ደጅ ካስቀረችኝ ደጅ አልጠናም» ብለው መለሱለት። ይህን ከእኔ ይልቅ ፀጉር አስተካካዩ ቢጠየቅ ይሻላል። እስካሁን የጠየቀው እንደሌለ ነግሮኛል። ነገር ግን ይህ ቃል ለመዝጋቢዋ ይጠቅማት ወይም ይጎዳት እንደሆነ ሳስበው ለራሴም ግልጽ አይደለም።

መዝጋቢዋ መታሰሯን የሰማሁት ከሥራ አስኪያጃችን ነው። አቤቱታውን ያቀረበው ማዕከሉ ነው ተብሏል። በሕይወት ሳሉ አንድ ተጠሪ ያልነበራቸው ሰው ሲሞቱ ከሳሽና ምስክር በዛላቸው። በዚያው ሰዓት የቀጠሮዎቹን መዝገብ ከፈትኩ፤ የአባባ መርፌ ባዶ ነበር። በላፕቶፔ ላይ ተጠሪ የሌለው ሰው ፈጥሬ «አድስ»ን ተጫንኩ። አረንጓዴ አለኝ። መዝገቡን አየሁ፤ የለም። ደግሜ ተጫንኩ፤ አረንጓዴ፤ የለም። ለአንጋፋው ደወልኩ። እሱም መጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ ብሎ ያን ዲፎልት ወዲያው አጠፋው። እኔም ተስማምቻለሁ፤ የቀሩት ሁለት ታካሚዎች እንዳይሞቱ ነው። ስለዚህ ፖሊስ የላከው የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ ተጠሪ የሌለው ታካሚ ሲመዘግብ ገጹ በትክክል መዘገበለት። ለባለሙያው የኮዱን ታሪክ፣ ማለትም እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑ የተያዘበትን መዝገብ አሳየሁት፤ ያበራሁበትም ያጠፋንበትም ቀን እዚያ አለ። አዎ፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል አለኝ። ሰውየው ቅን ነው፤ በእሱ የምለው የለኝም። ቀጥሎ ግን መዝጋቢዋ በዚያ ቀን መጫኗን የሚያሳይ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እያንዳንዱ ጠቅታ የሚጻፍበት ሎግ የሚባል መዝገብ ነበር። ነገር ግን በአንድ ከሰዓት ካበራኋቸው ዲፎልቶች ሌላው ሎጉ እንዳያብጥ አሮጌውን በአዲስ እየደመሰሰ እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። የዚያ ሳምንት ሎግ የለም። ዱሮ የተጻፈ ሁሉ ይቀመጥ ነበር፤ እንዳይቀመጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ባለሙያው፣ «የተጫነና ያልተቀመጠ፣ ጭራሽም ያልተጫነ፣ ሁለቱም ባዶ ናቸው። እኔ ባዶውን ነው ያየሁት» አለኝ። የሌሎቹም የሁለቱ ቀጠሮ እንዲሁ ባዶ መሆኑን፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ምንም ጠብ እንዳልነበራት አስረዳሁት። በኋላ እንደሰማሁት ይህ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ሦስቱንም ታካሚዎች ሳትመዘግብ ቀርታለች ተብሎ ነው። የረዳኋት መስሎኝ ጥፋቷን ሦስት አደረግሁባት።

ድርጅታችን ገጹ በአሁኑ ጊዜ ምንም ጉድለት እንደሌለበት ገልጾ ለፖሊስ ጽፏል። የተጻፈው ሐሰት አይደለም፤ በአሁኑ ጊዜ የለበትም። ሥራ አስኪያጇ ጠርተውኝ፣ «የተስተካከለ ነገር ምን ያስለፈልፍሃል? ልጅ ነህ፤ ገና ብዙ ቦታ ትቀጠራለህ» አሉኝ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ቤቴ እንድቆይ ተነግሮኛል። ላፕቶፑንም አስረክቤያለሁ።

ተጠርጣሪዋን በዚህ ሳምንት ሰኞ ዕለት ለጥቂት ደቂቃ በሽቦው በኩል እንዳነጋግራት ተፈቅዶልኝ ነበር። ዲፎልቱን ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ በመንገድ ላይ እንዴት ቀለል አድርጌ እንደማስረዳት እያሰብኩ ነበር። ስጨርስ ስለ ገጹ ምንም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ፣ «አባባ ያን ቀን ምን ብለው ወጡ?» ብቻ ነው። እንደነበረ ነገርኳት። ፀጉር አስተካካዩ ያለኝንም ጨመርኩላት። እሷም፣ «ያልኩትን አምነውኝ ነው የሞቱት ማለት ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጠበቃዋ ሲያነጋግራት እንደማትመልስ፣ እሰርዘዋለሁ ብያለሁ፣ እንዳልኩት ሆኗል እንደምትል ከእናቷ ሰምቻለሁ። ባልነገርኳት ይሻል ነበር።

እናቷ ቀኑን ሙሉ በዚህ ጣቢያ በር ላይ በእጃቸው የምግብ ሳህን ይዘው ይቀመጣሉ። ዛሬ ስገባ እጄን ይዘው፣ «አየሁ በል ልጄ። ስትጫን አይቻለሁ በል። እሷ እንደሁ ተጭናለች፤ ውሸት አይሆንብህም» አሉኝ። እህቴም ትናንት ማታ እራት ላይ ያለችኝ ይህንኑ ነው። እውነት ብቻውን መቆም ሲያቅተው ድጋፍ ቢያደርጉለት ነውር የለውም፣ አጥርም የሚቆመው በድጋፍ ነው አለችኝ። ሳይነጋ ተነሥቼ አየሁ የሚለውን ቃል ለራሴ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ።

መርማሪው በዚያ ረቡዕ ዕለት ተጠርጣሪዋ «አድስ» የሚለውን ስትጫን በዓይኔ አይቼ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አላየሁም። ስክሪኗ ወደ እሷ ዞሮ ነበር፤ እኔም የራሴን እያየሁ ነበር። አረንጓዴውን ጽሑፍ አይተሃል ወይ ተብዬ፣ አላየሁም ብያለሁ። የሰማሁት «ይኸው አባባ፣ አረንጓዴ ነው» ስትል ነው። ሳትጫን እንዲሁ ልትል ትችላለች ወይ ተብዬ፣ ልትል ትችላለች፣ ግን እሷ ውሸት አትጽፍም ብዬ መልሻለሁ። ይህን በምን አወቅህ ተብዬ፣ የቅርብ ተጠሪውን ቦታ ባዶ በመተዋ ነው ብያለሁ። መርማሪው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ «እሱ ያንተ እምነት ነው፤ እኔ የምጽፈው ያየኸውን ነው» አሉኝ። በጥያቄዬ ግን ተጽፎልኛል። አየሁ ያልኩ እንደሆነ ምን እንደሚለወጥ ስጠይቃቸው፣ «ብዙ» ብለው መልሰውልኛል። አይቼ እንደሆነ እንደገና እንዳስብበት ጊዜ ተሰጥቶኝ፣ አስቤበት፣ አላየሁም ብያለሁ።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ ከዚህ ቢሮ በሌላ በር መውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቄአለሁ። ሌላ በር እንደሌለ ተነግሮኛል።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ነው፤ ያልተናገርኩት አልገባበትም፣ የተናገርኩትም አልወጣበትም። ሁሉም እውነት ነው። እውነት ለመሆኑ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________________

ሲነበብ የታዘበ ፊርማ ________________